«ትልቅ ቱርቦ»ና «ትንሽ ቱርቦ»፤ ስለ አየር አማቂ አመራረጥና ስለ ስያሜዎቹ

የመኪና ሞተርን ጉልበት ስለ ማሳደግ የተጻፉ መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ አስቀድሞ የሚያደናቅፈው እንግዳ የሆነ ሙያዊ ቃል አይደለም፤ «መጠን» የሚለው፣ ሁላችንም የምናውቀው ቃል ነው። ለመንገድ መኪና ተስማሚ የሆነውን የቱርቦ መጠን ስለ መምረጥ የሚያትት አንድ ምዕራፍ ብንወስድ፣ ይህ ቃል በአንድ ገጽ ውስጥ ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ ነገሮችን ሲያመለክት እናገኛለን። አንድ ጊዜ የመዘውሩን ዲያሜትር፣ ሌላ ጊዜ መሣሪያው በደቂቃ የሚያሳልፈውን አየር፣ ሌላ ጊዜ የተርባይኑን ቤት ጥበትና ስፋት፣ አንዳንዴም የሚያስገኘውን ግፊት ይወክላል። አራቱ የተዛመዱ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው አይተካም። ተርጓሚው ሁሉንም «መጠን» ብሎ ካለፋቸው፣ ትርጉሙን አምኖ ዕቃ የሚገዛው ሰው ወይ ዘግይቶ የሚነቃ ሞተር ይታቀፋል፣ ወይ ፒስተኑን አቅልጦ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። እንግዲህ የስያሜው ጉዳይ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። ቱርቦ በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተተከሉ ሁለት ባለ ክንፍ መዘውሮች ያሉት መሣሪያ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንደኛውን መዘውር ያሽከረክራል፤ ይህ ተርባይኑ ነው። ተርባይኑ በዘንጉ አማካይነት ሁለተኛውን ያዞራል፤ ሁለተኛውም ከውጭ የሳበውን አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይሰድዳል። ብዙ አየር የገባለት ሞተር ብዙ ነዳጅ ለማቃጠል ስለሚችል ጉልበቱ ይጨምራል። የሐሳቡ አባት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ ሲሆን የመብት ማረጋገጫውን ያገኘበት ማመልከቻ እ.ኤ.አ. የ1905 ነው። በቤት መኪና ላይ ግን መሣሪያው ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ፣ በኦልድስሞቢል ጄትፋየርና በሸቭሮሌ ኮርቬር ነበር።

ስለ ስሙ አጻጻፍ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በየጋራዡ ሰሌዳ «ተርቦ»ም «ቱርቦ»ም ተብሎ ይጻፋል። «ተርቦ» ግን «ተራበ» ከሚለው ግስ የወጣ ቦዝ አንቀጽ ነው። «ሞተሩ ተርቦ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሰው፣ ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ይሁን ወይም አየር አማቂ ተገጥሞለት ይሁን ከዐውዱ ውጭ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ «ቱርቦ» የሚለው ይመረጣል። «ተርባይን» በ«ተ»፣ «ቱርቦ» በ«ቱ» መጀመራቸው ወጥነት የለውም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ እውነትም ሁለቱም የሚመነጩት ሽክርክሪትንና ዐውሎ ነፋስን ከሚያመለክት አንድ የላቲን ቃል ነው። ይሁን እንጂ «ተርባይን» ከውኃ ኃይል ማመንጫዎች ጋር ገብቶ በአማርኛ ጸንቶ ተቀምጧል፤ ለወጥነት ሲባል የጸናን ቃል መንቀል ትርፉ ድካም ነው።

ሙሉውን ስም ለመተርጐም የሚደረገው ሙከራ ግን አደገኛ ነው። የእንግሊዝኛው ስም ሁለተኛ ክፍል «ቻርጀር» ነው፤ ይህ ቃል በዛሬው አማርኛ የስልክ ባትሪ መሙያ ከሆነ ቈይቷል። «ቱርቦ መሙያ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ቱርቦውን የሚሞላ ሌላ ዕቃ እንዳለ ያስመስላል። አማርኛ የመኪና ቃላቱን በአብዛኛው ከጣሊያንኛ የተቀበለው ዕቃው ከነስሙ ሲመጣለት ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ ሁሉም እንዲህ ገብተው ዛሬ ባዕድነታቸው አይታወቅም። ቱርቦም በዚሁ በር ይግባ። የአማርኛ ጥረታችን ሊውል የሚገባው የዕቃውን ስም በመተርጐም ላይ ሳይሆን ሥራውን የሚገልጹትን ጽንሰ ሐሳቦች በመሰየም ላይ ነው።

ለምሳሌ አየር የሚያምቀው ክፍል አለ። «አመቀ» ጥሩ ግስ ነው፤ «የታመቀ አየር» የሚለው ሐረግም የታወቀ ነው። ከግሱ «ማመቂያ» እና «አማቂ» የሚሉ ሁለት ስሞች ይወጣሉ። «ማመቂያ» መሣሪያንም ቦታንም ሊያመለክት ስለሚችል፣ ደግሞም «የአማቂው ቤት» ማለት ስለሚያስፈልገን፣ አድራጊውን የሚያሳየው «አማቂ» ይሻላል። ኮምፕረሰር የሚለው ለጎማ መንፊያውና ለቀለም መርጫው እንደ ተያዘ ይቅር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ባለሙያው ቱርቦ ሲመርጥ የሚነሣው ከዕቃው አይደለም፤ ከሞተሩ ነው። ሞተሩ ስንት አየር ይፈልጋል? ብሎ ይጠይቃል። ይህን በቁጥር ማየት ስያሜዎቹን ስለሚያጠራልን አንድ ስሌት እንሥራ። ይዘቱ 2.0 ሊትር የሆነ ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተር በደቂቃ 6,500 ዙር ቢዞር፣ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ሲሊንደሮቹን ስለሚሞላ በደቂቃ 6,500 ሊትር አየር ይስባል። ነገር ግን ሲሊንደር እስከ አፉ አይሞላም፤ የመሙላት ብቃቱን 90 በመቶ ብንወስድ 5,850 ሊትር ይሆናል። እስካሁን የተናገርነው ስለ ይዘት ነው። ነዳጅ የሚያቃጥለው ግን የአየሩ ይዘት ሳይሆን መጠነ ቁሱ ነው፤ መጠነ ቁሱን ለማወቅ እፍግታው ያስፈልጋል። በሞተሩ መግቢያ ላይ ፍጹም ግፊቱ 1.8 ባር፣ መጠነ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን የአየሩ እፍግታ በሜትር ኩብ 1.97 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ሞተሩ የሚፈልገው በደቂቃ 11.5 ኪሎ ግራም አየር ነው። ይህን ያህል አየር ለቤንዚን ሞተር በግምት 250 የፈረስ ጉልበት ያስገኛል።

አንባቢ እንደሚያስተውለው በዚህች አጭር ስሌት ውስጥ ይዘት፣ እፍግታ፣ መጠነ ቁስና መጠነ ሙቀት ተለያይተው ቆመዋል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት የተለመዱት እነዚህ ስያሜዎች አንድ ጠቃሚ ነገር ያስተምሩናል። ይኸውም «መጠን» በሳይንሳዊ አማርኛ ብቻውን መቆም የማይችል፣ ተናባቢ ሆኖ ዘርፍ የሚፈልግ ቃል መሆኑ ነው። «መጠነ ቁስ» እና «መጠነ ሙቀት» ስንል ቃሉ ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ «መጠን» ብለን ስናቆም ግን የምን መጠን? የሚል ጥያቄ ይከተላል። ስለዚህ ለቱርቦም ይኸው ሥርዐት ይጠበቅ። በደቂቃ የሚያልፈውን አየር «መጠነ ፍሰት» እንበለው፤ ዲያሜትሩን «ዲያሜትር» እንበለው። ያለ ዘርፍ የተጻፈ «መጠን» በቴክኒክ ትርጉም ውስጥ ሲገኝ አራሚው ቀይ መስመር ቢያሰምርበት አይፈረድበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ግን የግፊቱ ነገር ነው። ከላይ «ፍጹም ግፊት 1.8 ባር» ብለናል። የመኪናው ነጂ በመለኪያው ላይ የሚያነበው ግን 0.8 ባር ነው፤ መለኪያው ከዜሮ የሚጀምረው ከከባቢው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ስለሚቈጥር ነው። ይህን ሁለተኛውን «ብልጫ ግፊት» ልንለው እንችላለን፤ ከከባቢው የበለጠበት ልክ ነውና። ሦስተኛም አለ፤ ከአማቂው የሚወጣው ፍጹም ግፊት ወደ አማቂው ለሚገባው ፍጹም ግፊት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ይህ «የግፊት ውድር» ነው። ሦስቱም በተርጓሚ እጅ «ግፊት» ሆነው ሲወጡ አይተናል። «ግፊቱ 1.8 ይሁን» የሚል መመሪያ ያነበበ መካኒክ ቃሉን በብልጫ ግፊት ቢተረጕመው፣ ሞተሩን በ2.8 ባር ፍጹም ግፊት ያስጨንቀዋል። ለ1.8 ባር የተሰናዳ ሞተር ይህን አይችልም።

በደጋው አገራችን ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። በባሕር ጠለል የከባቢው ግፊት 1.01 ባር ነው፤ የአየር ማጣሪያው ጥቂት ስለሚቀንስበት ወደ አማቂው የሚገባው 0.98 ባር ያህል ነው። ከአማቂው በኋላ ያለው ማቀዝቀዣም የራሱን ስለሚወስድ አማቂው 1.85 ባር ማውጣት አለበት። ውድሩ 1.9 ገደማ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ ግን የከባቢው ግፊት 0.76 ባር ያህል ብቻ ነው። ለሞተሩ ያንኑ 1.8 ባር ፍጹም ግፊት ለመስጠት አማቂው ከ0.74 ተነሥቶ 1.85 መድረስ ይጠበቅበታል፤ ውድሩም 2.5 ይሆናል። ሞተሩ ያው ነው፤ የሚፈልገው መጠነ ፍሰትም ያው ነው፤ የአማቂው ሥራ ግን ሌላ ሆኗል። በጠረፍ ከተማ ተስማሚ የነበረው ቱርቦ እዚህ ከልኩ በላይ መፍጠን ሊኖርበት ነው። በአንጻሩ ነጂው 0.8 ባር ብልጫ ግፊትን ቢይዝ ፍጹም ግፊቱ 1.56 ብቻ ስለሚሆን ጉልበቱ ይቀንሳል። «ብልጫ»ና «ፍጹም» የሚሉት ቅጽሎች ከትርጉሙ ከጠፉ ይህ ሁሉ ልዩነት አብሮ ይጠፋል።

አማቂው ያን ውድር በዚያ መጠነ ፍሰት መስጠት መቻሉ የሚታወቀው አምራቹ ከሚያወጣው «የአማቂ ካርታ» ነው። በካርታው አግድም መስመር ላይ መጠነ ፍሰት፣ በቁም መስመሩ ላይ የግፊት ውድር ይሰፈራል፤ በመካከሉ ብቃትን የሚያሳዩ ደሴት መሰል ክበቦች ይታያሉ። ብቃት ስንል አማቂው አየሩን ሲያምቅ በከንቱ የሚያሞቀው ምን ያህል እንደሆነ የሚለካ ነው። በ25 ዲግሪ የገባ አየር በውድር 1.9 ሲታመቅ፣ ብቃቱ 72 በመቶ ከሆነ ወደ 108 ዲግሪ፣ 60 በመቶ ከሆነ ግን ወደ 124 ዲግሪ ይሞቃል። አንዳንድ ተርጓሚዎች ለዚህ «ቅልጥፍና» ይላሉ። በሌላ ዐውድ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ስለሚችል ዕቃ ስንጽፍ «ቀልጣፋ» ያልነው ሁሉ «ፈጣን» ተብሎ ይነበባል።

የካርታው ግራና ቀኝ ድንበሮች ስያሜያቸው ገና አልረጋም። በቀኝ በኩል የአየሩ መንገድ ስለሚጠብበት አማቂው ከዚያ በላይ ማሳለፍ የማይችልበት መስመር አለ። ባዕዱ ቃል «ቾክ» ነው፤ እንዳለ እንዳንወስደው ግን በሞተር ሳይክልና በጄኔሬተር ላይ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚሳበው ዕቃ ይህን ስም ይዞታል። «የመታነቅ መስመር» ብንል ግልጽ ነው። በግራ በኩል ያለው የበለጠ አስቸጋሪ ነው። ጥቂት አየር እያለፈ ከፍ ያለ ውድር ሲጠየቅ፣ አየሩ ከክንፎቹ ላይ ይላቀቅና የታመቀው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት ይገፋል፤ ደግሞ ይመለሳል። ድምፁ ይሰማል፤ ሲደጋገምም የዘንጉን ግፊት የሚሸከመውን ኩሽኔታ ይበላዋል። ይህን «ማዕበል» ብለው የተረጐሙ አሉ። ማዕበል ግን ወደ ፊት የሚመጣ ነገር ነው፤ የዚህ ክሥተት ዋና ባሕርይ ግን ወደ ኋላ መመለሱ ነው። ለዚህ «ግሳት» ከሚለው የተሻለ ቃል አላገኘንም። በማዕድ ዙሪያ የሚነገር ቃል ለመሐንዲስ አይመጥንም የሚሉ ይኖራሉ፤ የገባው ተመልሶ መውጣቱን፣ ከነድምፁ፣ በአንድ ቃል የሚገልጽ ሌላ ካለ ግን ያምጡት። ትልቅ አማቂ ለትንሽ ሞተር የሚገጥም ሰው የሚጐዳው በዚህ በግራ ድንበር ነው፤ በዝቅተኛ ዙር የሞተሩ ፍላጎት ያንሳልና። በምሳሌያችን ሞተሩ በ3,000 ዙር የሚፈልገው በደቂቃ 5.3 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ይህ ነጥብ ከግሳት መስመር በስተቀኝ መዋል አለበት።

ከቁጥሮቹ መካከል ተርጓሚን የሚያሳስቱ ሁለት አሉ። የመጀመሪያው «ትሪም» የሚባለው ነው። የመዘውሩ መግቢያ ዲያሜትር ለመውጫው ዲያሜትር ተካፍሎ፣ ውጤቱ በራሱ ተባዝቶ፣ በመቶ ሲበዛ ይገኛል። መግቢያው 47፣ መውጫው 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ 61 ይሆናል። ባዕዱ ቃል መከርከምን ስለሚያመለክት «ክርክም» ብንለው ያስኬዳል። እዚህ ላይ ሁለቱን ዲያሜትሮች «ትንሹ»ና «ትልቁ» እያሉ መተርጐም አይገባም። በአማቂው በኩል አየር በትንሹ ገብቶ በትልቁ ይወጣል፤ በተርባይኑ በኩል ግን ጭሱ ከትልቁ ዙሪያ ገብቶ በትንሹ ይወጣል። «መግቢያ»ና «መውጫ» የሚሉት ቃላት ፍሰቱን ስለሚከተሉ በሁለቱም ወገን እውነት ናቸው።

ሁለተኛው ቁጥር በተርባይኑ ቤት ላይ የሚቀረጸው ነው። ጭሱ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል በተጠማዘዘ ቦይ ይገባል። የቦዩ ስፋት ከዘንጉ መካከል እስከ ቦዩ መካከል ላለው ራዲየስ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የቤቱን ጥበት ያሳያል። ለአንድ ዓይነት መዘውር 0.64 እና 0.86 የሆኑ ሁለት ቤቶች ሊቀርቡ ይችላሉ። ጠባቡ ጭሱን ስለሚያፈጥነው ቱርቦው ቶሎ ይነቃል፤ በከፍተኛ ዙር ግን ጭሱን አፍኖ ሞተሩን ያስጨንቃል። ሰፊው በተቃራኒው ነው። ስለ ስያሜው፣ «የስፋትና ራዲየስ ውድር» የሚለው ቀላልና ትክክል ነው፤ ነገር ግን የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አንድ ነገር ልብ ይበል። «ውድር» አሐድ የሌለው ንጹሕ ቁጥር ነው ብለን እናስተምራለን፤ ስፋት ለርዝመት ሲካፈል ግን ርዝመት ይቀራል። በአሜሪካ አምራቾች ዘንድ ይህ ቁጥር በኢንች የተሰላ ነው። ስለዚህ በሴንቲ ሜትር ከተሰላ ቁጥር ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ ፍቺውም ይህን መናገር ይኖርበታል።

ስለ ቱርቦ ሲወራ ከሁሉ አብዝቶ የሚነሣው ዘግይቶ መንቃቱ ነው። በዚህ ስም ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው ይኖራሉ። አንደኛው፣ ሞተሩ በቂ ዙር እያለው ነጂው ነዳጅ መስጫውን ከረገጠበት ቅጽበት ጀምሮ ግፊቱ እስኪመጣ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ሁለተኛው፣ ምንም ያህል ቢጠበቅ ከእሱ በታች ግፊት የማይገኝበት የሞተር ዙር ነው። የመጀመሪያው በሰከንድ ይለካል፤ ሁለተኛው በዙር በደቂቃ። በሁለት ልዩ ልዩ አሐዶች የሚለኩ ነገሮች በአንድ መደብ ሊገቡ አይችሉም። የመጀመሪያውን «የምላሽ መዘግየት»፣ ሁለተኛውን «የግፊት ደፍ» እንበል። ደፍ የቤት መግቢያ ነው፤ ሳይሻገሩት ውስጥ አይገባም፤ ምሳሌው ይስማማል። የምላሽ መዘግየት ዋና ምክንያት የመዘውሮቹ ግዑዝነት ነው፤ ቅርጹ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ በ10 በመቶ ቢያድግ ለመሽከርከር ያለው እምቢታ በ60 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ልክ ያድጋልና። «ትንሽ ይበልጣል» እየተባለ የሚገዛ ቱርቦ ባለቤቱን የሚያሳዝነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት የታወቁ መኪናዎች ልዩነቱን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ የዋለው ፖርሽ 911 ቱርቦ ባለ 3.0 ሊትር ሆኖ 260 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ጉልበቱ ግን ዘግይቶና ባንድ ጊዜ ስለሚመጣ በመታጠፊያ ላይ ነጂውን በማስደንገጥ ስም አወጣ። ሳብ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳየው 99 ቱርቦ ደግሞ ባለ 2.0 ሊትር፣ 145 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። መሐንዲሶቹ ትንሽ ቱርቦ መርጠው ግፊቱ በመካከለኛ ዙር እንዲገኝ፣ ትርፉም ጭስ በማስተንፈሻ በኩል እንዲያልፍ አደረጉ። ለዕለት ተዕለት መንገድ የሚበጀው የሁለተኛው አካሄድ ነው፤ በከተማ ውስጥ ሞተር 6,500 ዙር የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነውና። ያ ማስተንፈሻ በባዕድ ስሙ «ዌስትጌት» ይባላል። «የቆሻሻ በር» ተብሎ ሲተረጐም አይተናል፤ የሚያልፈው ግን ቆሻሻ ሳይሆን ተርባይኑን ማዞር የማያስፈልገው ጭስ ነው። ግፊት የበዛበትን ነገር ማስተንፈስ በአማርኛ የቆየ አነጋገር ነው፤ «የጭስ ማስተንፈሻ» ይበቃዋል።

በመጨረሻም ክንፈ ተለዋዋጭ የሆኑት ቱርቦዎች አሉ። በናፍጣ ሞተሮች ላይ ከተለመዱ ቈይተው፣ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2006 በቤንዚን ሞተሩ፣ በ911 ቱርቦ ላይ አዋላቸው። በተርባይኑ ዙሪያ የተደረደሩት ትንንሽ ክንፎች በዝቅተኛ ዙር ጠብበው፣ በከፍተኛው ሰፍተው ጭሱን ያሳልፋሉ፤ አንዱ ዕቃ ባንድ ጊዜ «ትንሽ»ም «ትልቅ»ም ይሆናል ማለት ነው። በእንደዚህ ያለው ቱርቦ ላይ የጭሱ መንገድ ጥበት አንድ ቋሚ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚባል ክልል ነው። ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት የሚዘጋጀው የ«ተርባይን ቤት» ፍቺ «የማይለወጥ ስፋት ያለው» የሚል ሐረግ እንዳይገባበት፣ የገባበትም ረቂቅ ካለ እንዲወጣለት እናሳስባለን።